የእጅ ጀርባ

የበልግ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ
ጎረቤት ክፍሎች ትምህርት ይቋረጣል፤
መምህሩ ጠመኔ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣
ማን ማንን ሊሰማ? ቁጭ ብሎ ያያል።
የእኛ ክፍል ብቻ ትምህርት ትቀጥላለች፤
ሰማዩ ቢናድም፣ ጣሪያው ቢቀደድም፣
አንዷ የስምንትን ብዜት በጣቷ ትቆጥራለች፣
አንዲት ዓይን እንኳን ሽቅብ አትሄድም።

የእኛ ጠላት ጉም ነው።
ከጦሳ ተነሥቶ፣ ቁልቁል ተንከባልሎ፣
በተሰበረው መስኮት ሳይጠራ ዘው ብሎ፣
የተናጋሪውን እጅ ከክርኑ ሲበላው፣
ያን ጊዜ ነው ድምፅ የሚጠፋብን፣
ያን ጊዜ ነው «ምን አልክ?» የምንባባለው።

ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው፤ ቆይቼ።
መጀመሪያ ስመጣ፣ ሐረጎን በአይሱዙ ጭነት ላይ ወጥቼ፣
በሻንጣዬ መስታወት፣ ላባና ማስመሪያ፣
በደረት ኪሴ ውስጥ የታጠፈ መመሪያ፦
«ይናገሩ።»

«ፓ በሉ» እላለሁ፣ ላባዋን ከንፈር ፊት ይዤ።
ብትርገበገብ፣ ፊደል ተወለደ፤
ባትርገበገብ፣ እንደገና፤ ከሰዓቱም ነጎደ።
ጉሮሮዬን አስዳሰስኳቸው፣ አንገቴ እስኪላጥ፣
«ባ» ሲሉት ይነዝራል፣ «ፓ» ሲሉት ጸጥ።
በጠረጴዛ ሥር እጅ ከእጅ ጋር ሲያወራ ካገኘሁ
ማስመሪያው ያርፍ ነበር።
«ያርፍ ነበር» አልኩ እንጂ፣ እኔ ነኝ የመታሁ።

የሙሄ አባት አንድ ቀን ከኮምቦልቻ መጣ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ጥጡ ፀጉሩ ላይ እንዳለ።
የልጁን ያበጠ እጅ አገላብጦ አየና
«እኛም እኮ» አለ፣
«ማሽኑ ሲጮህ ቀኑን ሙሉ በእጅ ነው የምናወራው።
ፎርማኑ በማስመሪያ ቢመታን
ጨርቁን ማን ይሠራው?»

እነሱ ስም ሲያወጡ
ክርስትና የለ፣ አቂቃ የለ፤
ዓይናቸው የያዘውን ነው የሚሰጡ።
ጦይባ፦ ጉንጭ ላይ የእሳት ጠባሳ።
ሙሄ፦ እየወረደ የሚሳብ ቁምጣ።
ዘበኛው ይርዳው፦ እስከ ጆሮ የቆመ የካፖርት ኮሌታ።
እኔስ? ብዬ ብጠይቅ ሦስት ዓመት ደበቁኝ።
በአራተኛው ጦይባ
አየችኝ፣ በሩን አየች፣ ግራ እጇን ዘረጋች፣
በቀኟ ሁለት ጣት ጀርባውን ጧ አደረገች።
ያ ነው።
መምህር አውላቸው ማለት
በእጅ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ሁለት ጣት።

ማስመሪያውን አልሰበርኩትም።
ሰሌዳ ላይ መስመር አሰመርኩበት፣ ሥራው ይኸው ነበር።
ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ እኔም፣ ልማር።
ለሙሄ «እናትህ ደህና ናት?» ልለው
«ፍየልህ ደህና ናት?» ብዬው
መንታ ወለደች አለኝ፣ ፊቱን ሳያጨማድድ፤
ክፍሉ ሲስቅ ወንበሩ ሁሉ ሲንጋደድ።

ሠላሳ አንድ ዓመት።
የጡረታ ደብዳቤዬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ያው በደረት።
ክፍሌን ጦይባ ትረከባለች፤ መምህርት ናት አሁን።
ትናንት ከኩታበር የመጣች፣
አሚናት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ
ስሜን ከትልልቆቹ ተምራ ጠራችኝ በእጅ።
ስንት እጅ ሲቀባበለው፣ ስንት ክረምት ሲያልፍበት
እንደ ቦርከና ጠጠር ጠርዙ አልቆ ኖሯል፤
ምት የለበትም።
ሁለት ጣት፣ ከአንጓ እስከ ጥፍር፣ እየዳበሰ ይወርዳል።
«እንዲህ የተባልከው
በብርድ የሕፃን እጅ ስለምታሻሽ ነው?»

በር ላይ ጦይባ ቆማለች፣ እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ከታ፤
በእኛ ቋንቋ ያ ዝምታ።
ግራ እጄን ዘረጋሁ፤
በድሮው ክብደት፣ በድሮው አጠራር
ስሜን ጠራሁ።
ጧ።

አሚናት ግንባሯን ቋጠረች።
እጄን ወደ ራሷ ሳበች፣
እንደዚያ አይደለም፣ እንዲህ ነው ብላ አረመችኝ፤
ቀስ አድርጋ፣ እስክይዘው ድረስ ደገመችልኝ።